ጉድለት ያለበት አለኝታ

«ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት» የሚለው የአባቶች ተረት ሰውን ለሥራ የሚመርጥ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያስተምራል። ነገር ግን ተረቱ አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ ይኸውም ከተመረጡት ሁሉ የሚበልጠው ሰው ከሁሉ የባሰ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ሥራን የሚመራ ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ይደርስበታል። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በንግድ ቤት ብቻውን የሦስት ሰው ሥራ የሚሠራ፣ ነገር ግን ሰዓት የማያከብር ወይም ከባልንጀሮቹ ጋራ የማይስማማ ሠራተኛ አይታጣም። አለቃው ቢያሰናብተው ሥራው ይጎድላል፤ ቢያቆየው ሥርዐቱ ይላላል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታየው በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነው። በመሥሪያ ቤት የአንድ ሰው ጥቅምና ጉዳት ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ ይኖራል፤ በዚህ ጨዋታ ግን የያንዳንዱ ተጫዋች ሥራ በቍጥር ተጽፎ ለሕዝብ ይነገራል። በሜዳው ላይ ከአንድ ወገን የሚሰለፉት አምስት ሰዎች ብቻ ስለ ሆኑ የአንዱ ብልጫም ሆነ ድካም ሊደበቅ አይችልም። ስለዚህ ቡድኑን ጉድለት ባለበት አለኝታው ዙሪያ እንደገና ላቋቁም ወይስ ልልቀቀው እያለ የሚያመነታ ሁሉ፣ በአሜሪካ የፊላደልፊያ ቡድን ከ1996 እስከ 2006 ያደረገውን ቢመረምር ይጠቀማል። እዚህ ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የውድድሩ ሕግ ሊታወቅ ይገባል። ኤን ቢ ኤ በሚባለው በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ውስጥ አንድ ቡድን ገንዘብ ስላለው ብቻ የወደደውን ተጫዋች ሁሉ ገዝቶ መሰብሰብ አይችልም። ለተጫዋቾች የሚከፈለው ደመወዝ ወሰን ተደርጎለታል። ወደ ማኅበሩ የሚገቡትንም አዳዲስ ወጣቶች ቡድኖቹ በየተራ ይመርጧቸዋል እንጂ አይጫረቱባቸውም፤ ቅድሚያ የማግኘት ዕድል ያላቸውም ደካሞቹ ናቸው። በዚህ ምክንያት እጅግ የላቀ ተጫዋች ለአንድ ከተማ የሚደርሰው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው። የለቀቀውም ቡድን በማግሥቱ ወደ ገበያ ወጥቶ የሚተካከለውን አያገኝም። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል፤ እንከን ያለበት ዕቃ ከመጣሉ በፊት በምትኩ ሌላ መገኘት አለመገኘቱ ይጠየቃልና።

በ1996 የመጀመሪያው የምርጫ ተራ ለፊላደልፊያ ደረሰ። ቡድኑ በዚያ በተፈጸመው የውድድር ዘመን ከ82 ግጥሚያ ያሸነፈው 18 ብቻ ነበር። የመረጠውም አለን አይቨርሰን የሚባለውን የ21 ዓመት ወጣት ነው። የዚህ ወጣት ቁመት 183 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ነበረ፣ ሁለት ሜትር በሚደርሱና በሚያልፉ ሰዎች መካከል ሲቆም እንደ ልጅ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ በፍጥነቱና በድፍረቱ የሚስተካከለው አልተገኘም። በመጀመሪያው ዓመት ከአዲስ ገቢዎቹ ሁሉ በላጭ ተብሎ ተሸለመ፤ በ1999 ደግሞ ነጥብ በማግባት የማኅበሩ ተጫዋቾች ሁሉ የበላይ ሆነ።

ጉድለቱም የተሰወረ አልነበረም። ኳሱን በእጁ አብዝቶ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራል፤ ከሚወረውረውም ከግማሽ የሚበልጠው ይስታል። በቁመቱ ምክንያት ረጃጅም ባላጋራዎችን ፊት ለፊት ሊከላከል አይችልም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አለቆቹን ያስመረራቸው ግን ለልምምድ መዘግየቱና አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ መቅረቱ ነበር። በ1997 ቡድኑን የተረከቡት አሠልጣኝ ሚስተር ላሪ ብራውን ሥርዐት አጥብቀው የሚወዱ፣ ጨዋታውንም እንደ ትምህርት የሚያስተምሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ በሁለቱ መካከል የተነሣው አለመስማማት ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ሆነ።

በመጨረሻም በ2000 የዕረፍት ወራት ቡድኑ ተጫዋቹን ሊለቀው ቈረጠ። አይቨርሰንን ወደ ዲትሮይት የሚልክ፣ አራት ቡድኖች የገቡበት ልዋጭ ተሰናዳ። ልዋጩ የፈረሰው አለቆቹ ሐሳባቸውን ስለ ለወጡ አይደለም። ማት ጋይገር የተባለው ሌላ የፊላደልፊያ ተጫዋች አብሮ የሚሄድ ስለ ነበረ፣ ቡድን ሲለውጥ እንዲከፈለው በውሉ የተጻፈለትን ተጨማሪ ገንዘብ አልተውም በማለቱ ነው። እንግዲህ በሚከተለው ዓመት የተገኘው ክብር ሁሉ ከአለቆች አርቆ ማየት ሳይሆን ከአንድ ሰው የውል መብት የመጣ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አሠልጣኙና ተጫዋቹ ወደዱም ጠሉም አብረው መኖር ግድ ሆነባቸው። በዚህ ጊዜ የሚስተር ብራውን ጥበብ ታየ። አይቨርሰንን ሌላ ሰው ለማድረግ ከመድከም ይልቅ ጉድለቱን ከፋፍለው በሌሎች ትከሻ ላይ አደላደሉት። ኳሱን ከሜዳው ጫፍ ወደ ፊት የማድረሱን ሥራ ለኤሪክ ስኖው ሰጡት፤ ስኖው ከእርሱ ይልቅ ቁመትና ጕልበት ስለ ነበረው ከባላጋራው ወገን ትልቁን ጠባቂ እርሱ ይይዛል፣ አይቨርሰንም ትንሹን ይይዛል። አሮን ማኪና ጆርጅ ሊንች የመከላከሉን ድካም ተሸከሙ። ከቅርጫቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ ታይሮን ሂል ይሰበስባል። በየካቲት 2001 ደግሞ 218 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው የኮንጎው ተወላጅ ዲኬምቤ ሙቶምቦ በልዋጭ መጥቶ የቅርጫቱ ዘበኛ ሆነ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ኳሱን በብዛት ለመወርወር የሚመኝ አልነበረም። ስለዚህ የአይቨርሰን ዋና ነውር ተብሎ ይቈጠር የነበረው አብዝቶ መወርወር በእነዚህ ሰዎች መካከል የሚፈለግ አገልግሎት ሆነ።

ውጤቱም ይህ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ፊላደልፊያ 56 ጊዜ አሸንፎ 26 ጊዜ ተሸነፈ። አይቨርሰን በየግጥሚያው በአማካይ 31.1 ነጥብ አግብቶ የዓመቱ ታላቅ ተጫዋች ተባለ። ሙቶምቦ በመከላከል፣ ማኪ ከተጠባባቂዎች መካከል፣ ሚስተር ብራውን ከአሠልጣኞች መካከል በላጭ ተብለው በዚያው ዓመት ተሸለሙ። አራቱ ሽልማት ለአንድ ቡድን መድረሱ ራሱ ሥራው የአንድ ሰው እንዳልነበረ ያስረዳል። ቡድኑ እስከ ፍጻሜው ውድድር ዘልቆ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በማጣሪያው አንድም ግጥሚያ ያልተሸነፈውን የሎስ አንጀለስን ቡድን በገዛ ሜዳው በጭማሪ ሰዓት 107 ለ101 አሸነፈ፤ በዚያ ቀን 48 ነጥብ ያገባው አይቨርሰን ነበር።

የዚህ አሳብ ተቃዋሚዎች የሚሉት አላቸው፤ ንግግራቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከዚያ የመጀመሪያ ድል በኋላ ሎስ አንጀለስ አራቱን ተከታታይ ግጥሚያ አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። አይቨርሰንም ታላቅ ተብሎ በተሸለመበት ዓመት ከመቶ ውርወራ የሚያገባው 42 ብቻ ነበር። አንድ ሰው ይህን ያህል እየሳተ ኳሱን ሁሉ ሲይዝ ባልንጀሮቹ አያድጉም ይላሉ። በጣም የሚከብደው ማስረጃቸው ግን የዲትሮይት ነገር ነው። ሚስተር ብራውን በ2003 ፊላደልፊያን ትተው ወደ ዲትሮይት ሄዱ፤ በ2004ም የሎስ አንጀለስን ቡድን 4 ለ1 አሸንፈው ዋንጫ በሉ። ያ ቡድን ከሌሎቹ እጅግ ልቆ የሚታይ አንድ ሰው አልነበረውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ከዚያ ይልቅ ተገልጦ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ነገር ግን የዲትሮይት ድር በአንድ ቀን አልተፈተለም። ዲትሮይት በ2000 አለኝታው የነበረውን ግራንት ሂልን ወደ ኦርላንዶ ሸኝቶ በምትኩ ከተቀበላቸው አንዱ ቤን ዋላስ ነበር፤ ይህ ሰው ቀድሞ በምርጫው ጊዜ ማንም ያልመረጠው ነው። በ2002 ቻውንሲ ቢላፕስና ሪቻርድ ሃሚልተን መጡ፤ በዚያው ዓመት ቴይሾን ፕሪንስ በ23ኛው ተራ ተመረጠ፤ ራሺድ ዋላስ የተጨመረው በ2004 ነው። አራት ዓመት የፈጀ ብልህ ግዢና ብዙ መልካም ዕድል ተጨምሮበት የተገኘ ነገር ነው። አለኝታውን የለቀቀ ቡድን ሁሉ ቤን ዋላስን አያገኝም። ስለዚህ የዲትሮይት ታሪክ ያለ አለኝታ ማሸነፍ እንደሚቻል ያስረዳል እንጂ፣ አለኝታን መልቀቅ የማሸነፍ መንገድ ነው አያሰኝም።

ወደ ፊላደልፊያ ስንመለስ ደግሞ ከባዱ ትምህርት የሚገኘው ከድሉ በኋላ በሆነው ነገር ነው። ሂልና ሊንች በ2001 ወደ ሌላ ቡድን ሄዱ። በግንቦት 2002 አይቨርሰን በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «ልምምድ» የሚለውን ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ እየደጋገመ የተናገረው ነገር በዓለም ሁሉ መሣቂያ ሆነ፤ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የቅርብ ወዳጁ መገደሉንና በዚያው ንግግር ኀዘኑን መግለጡን ያስታወሰ ግን ጥቂት ሰው ነው። በዚያው ዓመት ሙቶምቦ ወደ ኒው ጀርሲ ተላከ። በ2003 አሠልጣኙ ሄዱ፤ በ2004 ስኖው ሄደ። ከ2003 እስከ 2006 አራት አሠልጣኞች ተፈራረቁ። በ2005 የመጣው ክሪስ ዌበር በዘመኑ ታላቅ ተጫዋች የነበረ ቢሆንም፣ ጕልበቱን በብርቱ ሕክምና ከታከመ በኋላ የቀድሞው ፍጥነቱ አልተመለሰለትም ነበር፤ እርሱም ራሱ ኳስ የሚፈልግ እንጂ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍን ሰው አልነበረም።

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ቍጥሮችን ያስተያይ። በ2001 አይቨርሰን በአማካይ 31.1 ነጥብ ሲያገባ ቡድኑ 56 ጊዜ አሸነፈ። በ2006 በተፈጸመው ዘመን ግን ከዕድሜው ሁሉ የበለጠውን፣ 33 ነጥብ እያገባ ቡድኑ ያሸነፈው 38 ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ከማጣሪያው ውድድር ቀረ። ሰውየው ያው ነው፤ ጉድለቱም ያው ነው፤ እንዲያውም የሚያገባው ነጥብ ጨምሯል። የተለወጠው በዙሪያው የነበረው አጥር ነው። አለቆቹ አለኝታቸውን ይዘው አጥሩን አፈረሱ፤ ከዚያም ቤቱ ሲዘረፍ ጥፋቱን ሁሉ በአንዱ ምሰሶ ላይ ጫኑበት። በታኅሣሥ 2006 ወደ ዴንቨር ሲለቁት ዕድሜው 31 ደርሶ ነበር፤ በምትኩ ያገኙት አንድሬ ሚለርን፣ ጆ ስሚዝንና ሁለት የምርጫ ተራዎችን ነው። ከ2001 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ፊላደልፊያ ለፍጻሜው ውድድር አልደረሰም።

አንድ ተጫዋች ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ ራሷ ዲትሮይት ቆይታ አየችው። በ2008 ለስድስት ተከታታይ ዓመት ከአራቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆኖ የኖረው ቡድኗ ቢላፕስን ለዴንቨር ሰጥቶ የ33 ዓመቱን አይቨርሰንን ተቀበለ። ዲትሮይት በዚያ ዘመን 39 ጊዜ ብቻ አሸንፎ በማጣሪያው መጀመሪያ 4 ለ0 ተባረረ፤ ዴንቨር ግን ቢላፕስን ይዞ ከአራቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆነ። ዲትሮይት የገዛው ስምን ነው፤ ያንን ስም የሚያገለግል አጥር ግን አልሠራለትም ነበር።

በንዴት ወይም በመሰልቸት የሚደረግ ሽያጭስ ምን ያመጣል? የዳላስ ነገር ቅርብ ምሳሌ ነው። ዳላስ በ2024 በሉካ ዶንቺች ኀይል እስከ ፍጻሜው ውድድር ደርሶ ነበር። ይህ ስሎቬናዊ ተጫዋች በመከላከል ይሰንፋል፣ ሰውነቱን አይጠብቅም፣ ከዳኞች ጋራ ይከራከራል እየተባለ ይነቀፋል፤ ነቀፋውም ሐሰት አይደለም። በየካቲት 2025 ግን የቡድኑ አለቆች የ25 ዓመቱን ሰው ለሎስ አንጀለስ ሰጥተው፣ የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ አንድ ሌላ ወጣት ተጫዋችንና አንድ የመጀመሪያ ዙር የምርጫ ተራን ተቀበሉ። ዴቪስ ለዳላስ በተሰለፈበት በመጀመሪያው ግጥሚያ ተጐዳ፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት ከማጣሪያው ውድድር ቀረ፤ ሕዝቡም በአለቆቹ ላይ ጮኸ። ልዋጩን ያደረጉት ሥራ አስኪያጅ በኅዳር 2025 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ዶንቺችን የተቀበለው ሎስ አንጀለስም በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ዙር መሸነፉን መናገር ተገቢ ነው። ሆኖም የስድስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ያለበትን ልዋጭ እኩል ነው የሚል ነጋዴ አይገኝም። ከዚያ በኋላ ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላ ዕድል በነበረው ዕጣ ዳላስ የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝቶ ኩፐር ፍላግን መረጠ፤ ይህም መልካም ዕድል ነው እንጂ መልካም አስተዳደር አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ፣ ቡድን ጉድለት ባለበት አለኝታው ዙሪያ እንደገና ቢቋቋም ይሻላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል። አንደኛው፣ ጉድለቱ ሌላ ሰው ሊሸፍነው የሚችል ነው ወይ? የቁመት ማነስ ይሸፈናል፤ ብዙ መወርወርም ይሸፈናል፤ የባልንጀሮቹን ልብ የሚሰብር ምቀኝነት ግን በማንም አይሸፈንም። ሁለተኛው፣ ዕድሜው ምን ያህል ይቀረዋል? ለ25 ዓመት ሰው የሚሠራ አጥር ለ33 ዓመት ሰው አይሠራም። ሦስተኛው፣ በምትኩ የሚሰጠው በእጅ የሚጨበጥ ነው ወይስ ተስፋ ብቻ? ለእነዚህ ለሦስቱ ደኅና መልስ ከተገኘ፣ የቀረው ሁሉ የአለቃው ድርሻ እንጂ የተጫዋቹ አይደለም።

መታገሥ የሚገባው ጉድለት ወሰን እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። የችሎታና የልማድ ጉድለት አንድ ነገር ነው፤ ሌብነት፣ ክዳት ወይም በሰው ላይ እጅ ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህኛው በብልጫ የሚከፈል ዕዳ ስላልሆነ፣ ነጥብ ቢቈጠርለትም ቢቈጠርበትም ፍርዱ በሕግ ነው። እንዲሁም ለአለኝታው የሚደረግለት ትዕግሥት በግልጽ ተነግሮ የታወቀ መሆን አለበት። ሌሎቹ ሠራተኞች የሚከፉት አንዱ ስለ ተለየ አይደለም፤ የተለየበት ምክንያትና ወሰን ስላልተነገራቸው ነው። ስኖውና ማኪ ለምን እንደሚደክሙ ያውቁ ነበርና ደከሙ።

ሚስተር ብራውንና አይቨርሰን ብዙ ከተጣሉ በኋላ በ2004 በአቴና ኦሊምፒክ አንዱ አሠልጣኝ፣ ሁለተኛውም ከአለቆቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆነው ለአገራቸው በአንድነት አገለገሉ። በ2016 አይቨርሰን በጨዋታው ታላላቅ ሰዎች መዝገብ ሲገባ አሠልጣኙን በምስጋና አነሣቸው። ይህ የሚያሳየው በሁለቱ መካከል የነበረው ጠብ መድኀኒት ያልነበረው እንዳልሆነ ነው። በፊላደልፊያ መድኀኒት ያጣው የቡድኑ አስተዳደር ነበር።

ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም። በሥራው ላይ እንደ አይቨርሰን ያለ ሰው የገጠመው ሹም ወይም ነጋዴ፣ የስንብት ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት በወረቀቱ አንድ ወገን ሰውየው የሚሠራውን፣ በሌላው ወገን የሚያጐድለውን ይጻፍ፤ ከዚያም የሚጐድለውን የሚሸፍኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በቤቱ መኖር አለመኖራቸውን ይመልከት። ካሉ፣ በቦታቸው ያስቀምጣቸው፤ ደመወዛቸውንና ክብራቸውንም አያጓድል፤ አጥሩ እነርሱ ናቸውና። ከሌሉ ደግሞ ሰውየውን ከማሰናበቱ በፊት እነርሱን ይፈልግ።